የአስቫብ ኤሌክትሮኒክስ ክፍል፦ ፊዚክሱን ለሚያውቅ፣ ሽቦው ለሚያስቸግረው

ወደ አሜሪካ ጦር ለመግባት የሚመዘገብ ሰው የሚቀመጥበት ፈተና አስቫብ ይባላል። ውስጡ «ኤሌክትሮኒክስ ኢንፎርሜሽን» የሚባል አጭር ክፍል አለ፤ በኮምፒውተር ለሚፈተን 15 ጥያቄ በ10 ደቂቃ፣ በወረቀት ለሚፈተን 20 ጥያቄ በ9 ደቂቃ። ካልኩሌተር አይፈቀድም። አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ሰው የኦህምን ሕግ በእንግሊዝኛ ተምሮታል፤ ነጥብ የሚያስጥለው እሱ አይደለም። የሚያስጥለው ስለ ጥቁር ሽቦ፣ ስለ 12 ጌጅ፣ ስለ ሮዚን፣ ስለ «ኦፕን» ሲጠየቅ ነው። እነዚህ የአሜሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የዕለት ቋንቋ እንጂ የክፍል ትምህርት አይደሉም። ስለዚህ እዚህ ቀመሩን በፍጥነት እናልፍና ቃሉና ሽቦው ላይ እንቆያለን።

መጀመሪያ ነጥቡ የት እንደሚገባ እወቁ

ጦሩ ይቀበላችሁ አይቀበላችሁ የሚለውን የሚወስነው ኤኤፍኪውቲ የሚባለው ነጥብ ነው። የሚሰላው ከአራት ክፍሎች ብቻ ነው፦ በቃላት ከሚቀርበው ሒሳብ፣ ከሒሳብ እውቀት፣ ከቃላት ትርጉምና ከምንባብ። ኤሌክትሮኒክስ አይገባበትም። ለምድር ጦር የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ያለው ሰው ቢያንስ 31 ያስፈልገዋል። በልምምድ ፈተና እዚያ ካልደረሳችሁ ይህን ዝጉትና እንግሊዝኛና ሒሳብ አጥኑ።

ካለፋችሁ በኋላ ሙያውን የሚወስነው ሌላ ድምር ነው። የምድር ጦር «ኢኤል» የሚለው ድምር አጠቃላይ ሳይንስን፣ ሁለቱን የሒሳብ ክፍሎችና ኤሌክትሮኒክስን ይይዛል። የሬዲዮ ጥገናና የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ ዓይነት ሙያ የሚፈልግ ሰው የሚታየው በዚህ ነው። ሒሳቡ በሁለቱም በኩል ስለሚቆጠር አንድ ሰዓት ካላችሁ ግማሹን ለሒሳብ ስጡ።

ግሪን ካርድ ይዘው ለሚመዘገቡ አንድ ነገር ቀድሞ መታወቅ አለበት። ብዙዎቹ የኤሌክትሮኒክስ ሙያዎች ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ፣ ማለት ምስጢር የማየት ፈቃድ፣ ይጠይቃሉ፤ ክሊራንስ ደግሞ የሚሰጠው ለዜጋ ነው። ነጥቡ ቢመጣም ሙያው ሊዘጋ ይችላል። ሪክሩተሩን (ለጦሩ የሚመዘግባችሁን ሰው) «ዜግነት ሳይጠየቅ ክፍት የሆኑት የትኞቹ ናቸው» ብላችሁ ከፈተናው በፊት ጠይቁ።

የምትገዙት ዕቃ

አንድ ተራ ዲጂታል ቴስተር። ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ከነማያያዣው። አንድ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ዕቃ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) እና ጥቂት አጫጭር ሽቦዎች። ሩብ ዋት ሬዚስተሮች፦ 100 ኦህም፣ 470 ኦህም፣ 1 ኪሎኦህም፣ 10 ኪሎኦህም፣ ከየዓይነቱ 5። ቀይ ኤልኢዲ 5። 1ኤን4007 ዳዮድ 2፣ 2ኤን2222 ትራንዚስተር 2፣ 1000 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት ካፓሲተር 1። ከዚህ በላይ አትግዙ። ከግድግዳው ሶኬት ጋር ምንም ዓይነት ሙከራ አታድርጉ፤ ለፈተናው የሚያስፈልገው ሁሉ በ9 ቮልት ይታያል።

ኦህምን በጭንቅላት ማስላት

ቮልቴጅ ማለት ጅረት ሲባዛ በሬዚስታንስ። ኃይል ማለት ቮልቴጅ ሲባዛ በጅረት። ቀመሩ ይኸው ነው። ፊደሎቹ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ ጅረት የሚጻፈው «አይ» በሚባለው ፊደል ነው፤ «ኤ» የአምፒር ምልክት ነው። ቮልቴጅም አንዳንዴ በ«ቪ»፣ አንዳንዴ በ«ኢ» ይመጣል። «ኢ»ን ኢነርጂ ነው ብሎ የተሳሳተ ብዙ ነው።

ካልኩሌተር ስለሌለ ቁጥሮቹ እኩል እንዲካፈሉ ተደርገው ይመጣሉ። 12 ቮልት ለ4 ኦህም፣ 3 አምፒር። በ120 ቮልት የሚሠራ 60 ዋት አምፖል ግማሽ አምፒር ይስባል፤ ሬዚስታንሱ 240 ኦህም ነው። ስሌታችሁ 2.73 ዓይነት ነገር ካመጣ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ይቀላል።

ነጥብ የሚበላው አሃዱ ነው። ቮልት ለኪሎኦህም ሲካፈል መልሱ በሚሊአምፒር ይወጣል፦ 5 ቮልት ለ1 ኪሎኦህም፣ 5 ሚሊአምፒር። ይህን አንዴ ከያዛችሁ ዜሮ መቁጠር ይቀርላችኋል። ከምርጫዎቹ መካከል 5 አምፒር፣ 0.5 አምፒርና 5 ሚሊአምፒር ተደርድረው መምጣታቸው የተለመደ ነው።

ሌላው የሚወደድ ጥያቄ «ቮልቴጁ በእጥፍ ቢጨምር ኃይሉ ምን ይሆናል» የሚለው ነው። ሬዚስታንሱ ካልተለወጠ ጅረቱም እጥፍ ስለሚሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። «ሁለት እጥፍ» የሚለው ምርጫ ወጥመዱ ነው።

ተከታታይና ትይዩ፣ በእጅ

ሦስት ባለ 1 ኪሎኦህም ሬዚስተር ብሬድቦርዱ ላይ በተከታታይ ሰክታችሁ ከ9 ቮልቱ ጋር አገናኙ። ጠቅላላው 3 ኪሎኦህም፣ ጅረቱ 3 ሚሊአምፒር ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ ቴስተሩ ወደ 3 ቮልት ያሳያል። በትክክል 3 ባያሳይ አትደንግጡ። አዲስ ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ9 በላይ ነው፣ ሬዚስተሩም የወርቅ ቀለበት ካለው 5 በመቶ ወዲያና ወዲህ ማለት ይችላል።

አሁን መካከለኛውን ነቅላችሁ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በባዶው ቦታ ላይ አድርጉ። ዜሮ የጠበቀ ይገረማል፤ የሚታየው ሙሉው የባትሪ ቮልቴጅ ነው። ጅረት ስለሌለ በቀሩት ሁለት ሬዚስተሮች ላይ ምንም አይወርድም፣ ሁሉም ቮልቴጅ ክፍተቱ ላይ ይቀመጣል። «በተከታታይ ከተያያዙ አምፖሎች አንዱ ተቃጥሏል፣ ቮልትሜትሩ በተቃጠለው ላይ ምን ያነባል» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መልሱን በዓይናችሁ አይታችሁታል።

ትይዩ ሲሆን ባትሪውን አውጡና በኦህም ለኩ፦ ሁለት ባለ 1 ኪሎ ጎን ለጎን 500፣ ሦስት ሲሆኑ 333። እኩል ከሆኑ ለብዛታቸው ማካፈል ነው። እኩል ካልሆኑ ብዜታቸው ለድምራቸው፦ 6 እና 3 ኦህም፣ 18 ለ9፣ 2 ኦህም። ጊዜ ካጠረ ደግሞ ጠቅላላው ሁልጊዜ ከትንሹ ያንሳል። ከ3 በላይ የሆኑትን ምርጫዎች ሳታሰሉ ትሰርዛላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው አንድ ነው።

ካፓሲተር ተቃራኒው ነው፤ በትይዩ ይደመራል፣ በተከታታይ ይቀንሳል። የባትሪ ድንጋይ ደግሞ በተከታታይ ቮልቴጁ ይደመራል (አራት ባለ 1.5፣ 6 ቮልት)፤ በትይዩ ቮልቴጁ ያው ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል።

ሾርት ሁሉ ሾርት አይደለም

በአማርኛ መብራት በጠፋ ቁጥር «ሾርት ነው» እንላለን። አምፖሉ ቢቃጠል ሾርት፣ ሽቦው ቢበጠስ ሾርት፣ ቻርጀሩ ቢበላሽ ሾርት። ፈተናው ግን ሁለት ነገር ነው የሚያውቀው፣ እነሱም ተቃራኒዎች ናቸው።

ሾርት ማለት ጅረቱ አምፖሉን ወይም ሞተሩን ትቶ በአቋራጭ ሲመለስ ነው። ሬዚስታንሱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ጅረቱ በጣም ይጨምራል፣ ፊውዙ ይበጠሳል። ኦፕን ማለት መንገዱ ሲቋረጥ ነው፦ የተበጠሰ ሽቦ፣ የተቃጠለ አምፖል፣ የጠፋ ማብሪያ። ሬዚስታንሱ መጨረሻ የለውም፣ ጅረቱ ዜሮ ነው። ቴስተራችሁን ኦህም ላይ አድርጉና ሁለቱን ጫፎች አነካኩ፦ ወደ 0 ይወርዳል። አለያዩዋቸው፦ «ኦኤል» ይላል። የመጀመሪያው ሾርት፣ ሁለተኛው ኦፕን ነው። ፊውዝ ለክታችሁ «ኦኤል» ካያችሁ ፊውዙ ተበጥሷል።

«ክሎዝድ» የሚለው ቃልም ያሳስታል። በር ሲዘጋ ማለፊያ ያሳጣል፤ ክሎዝድ ሰርኪት ግን ጅረት የሚያልፍበት፣ የሚሠራው ነው። ማብሪያውን ስታበሩ «ክሎዝ» አደረጋችሁት ማለት ነው። «ሎድ» ማለትም ጭነት ሳይሆን ኃይሉን የሚበላው ነገር ነው፤ አምፖል፣ ሞተር፣ ምድጃ። «ሊድ» ደግሞ የቴስተር ጫፍ ወይም ከዕቃው የሚወጣ ሽቦ ነው። ያው ቃል ሳይለወጥ ተጽፎ «ሌድ» ተብሎ ሲነበብ ብረቱ እርሳስ ይሆናል። ኤሌክትሮኒክስ የሚበየድበት ስታኞ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ስለሆነ ሁለቱም በአንድ ጥያቄ ሊገጥሟችሁ ይችላሉ።

ስታኞ ካነሣን፦ ለኤሌክትሮኒክስ የሚውለው ውስጡ ሮዚን (የጥድ ሙጫ) የያዘ ነው። አሲድ ያለበት ለቧንቧ ነው፤ ቀጭኑን መዳብ ይበላዋል። ይህ አንድ መስመር አንድ ጥያቄ ሊያወጣ ይችላል።

መለኪያ የሚሰካበት ቦታ

አምሜትር በተከታታይ፣ ቮልትሜትር በትይዩ፣ ኦህምሜትር ኃይሉ ጠፍቶ። ሁሉም ይህን ይሸመድዳል፤ ፈተናው ግን ምክንያቱንም ይጠይቃል። አምሜትር ጅረቱን ላለማደናቀፍ የራሱ ሬዚስታንስ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። በባትሪ ሁለት ጫፎች ላይ ከገባ ሽቦ አጋደማችሁበት ማለት ነው። ቮልትሜትር ደግሞ ጅረት እንዳይሰርቅ ሬዚስታንሱ እጅግ ትልቅ ነው።

ጀማሪ ቴስተር የሚያበላሸውም በዚሁ ነው። ጅረት ለመለካት ቀዩን ጫፍ «10ኤ» ወይም «ኤምኤ» ወደሚለው ቀዳዳ ያዛውራል፣ ከዚያ ይረሳዋል፣ በማግስቱ ቮልት እለካለሁ ብሎ ባትሪ ላይ ያደርገዋል። የሚሊአምፒሩ ፊውዝ ይሄዳል። ጅረት ለክታችሁ እንደጨረሳችሁ ቀዩን ወዲያው ወደ ቮልት ቀዳዳ መልሱት። ትልልቅ ሬዚስተር ስትለኩ ደግሞ ሁለቱንም ጫፍ በጣት አትያዙ፤ የሰውነታችሁ ሬዚስታንስ በትይዩ ይገባና ንባቡን ያወርደዋል።

የአሜሪካን ቤት ሽቦ እንደ አዲስ መማር

አገር ቤት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። እዚህ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፤ ምድጃና ልብስ ማድረቂያ 240 ይወስዳሉ። ጥቁር ሽቦ ሆት ነው፣ ማለት ኮረንቱ ያለበት። ነጭ ኒውትራል፣ ማለት ጅረቱ የሚመለስበት፤ አረንጓዴ ወይም ልባስ የሌለው መዳብ ግራውንድ፣ ማለት የመሬት ሽቦ። ጥቁሩን ኒውትራል አድርጎ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለሕይወትም አደገኛ ስህተት ነው። በሶኬት ላይ ጥቁሩ የነሐስ ቀለም ካለው ብሎን፣ ነጩ ከብርማው፣ ግራውንዱ ከአረንጓዴው ይገናኛል። ማብሪያና ፊውዝ የሚገቡት በሆቱ ላይ ነው፤ ኒውትራሉ ላይ ቢገባ አምፖሉ ጠፍቶም ኮረንት ይኖረዋል።

የሽቦ ውፍረት በጌጅ ይነገራል፣ ቁጥሩም ወደ ኋላ ይሄዳል። በካሬ ሚሊሜትር «ሁለት ተኩል ሽቦ» ሲባል ከ«አንድ ተኩል» ይወፍራል፤ በጌጅ ግን 10 ከ14 ይወፍራል። የተለመዱት ሦስት ጥንዶች እነዚህ ናቸው፦ 14 ጌጅ ከ15 አምፒር፣ 12 ጌጅ ከ20 አምፒር፣ 10 ጌጅ ከ30 አምፒር ብሬከር ጋር። ብሬከር ጅረት ሲበዛ መስመሩን በራሱ የሚቆርጥ ማብሪያ ነው፤ የሚጠብቀውም ሽቦውን ነው። 14 ጌጅ ላይ 30 አምፒር ብሬከር ቢደረግ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል።

በቤታችሁ ያለውን አስሉት። 1500 ዋት ማሞቂያ በ120 ቮልት 12.5 አምፒር ነው። በዚያው መስመር 1000 ዋት የሚስብ ማይክሮዌቭ ሲጨመር 8 ከምናምን ይመጣል፣ ድምሩ ከ20 ያልፋል፤ 15 አምፒሩ ብሬከር ይወርዳል። ይህ ሾርት አይደለም፣ ኦቨርሎድ ነው። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ያለው፣ «ቴስት» እና «ሪሴት» የሚሉ ቁልፎች ያሉበት ሶኬት ደግሞ ጂኤፍሲአይ ይባላል። በሆቱ የሄደውና በኒውትራሉ የተመለሰው ጅረት በ5 ሚሊአምፒር ገደማ ከተለያየ ይቆርጣል፤ የጎደለው በሰው በኩል ወደ መሬት እየሄደ ሊሆን ይችላልና።

ቀለበቶቹ

ሬዚስተር ላይ የተቀቡት የቀለም ቀለበቶች ስንት ኦህም እንደሆነ ይነግራሉ፦ ጥቁር 0፣ ቡናማ 1፣ ቀይ 2፣ ብርቱካናማ 3፣ ቢጫ 4፣ አረንጓዴ 5፣ ሰማያዊ 6፣ ሐምራዊ 7፣ ግራጫ 8፣ ነጭ 9። ከጨለማ ተነሥቶ ወደ ነጭ ይሄዳል፣ መካከሉ የቀስተ ደመና ተራ ነው፤ ሌላ መሸምደጃ አያስፈልግም። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ቁጥር፣ ሦስተኛው የዜሮ ብዛት ነው። ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ ማለት 47 ከ3 ዜሮ፣ 47 ኪሎኦህም። ጥቁር ሦስተኛ ላይ ሲመጣ ዜሮ አይጨመርም፦ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ጥቁር 10 ኦህም እንጂ 100 አይደለም። አራተኛው ቀለበት ስንት በመቶ ወዲያና ወዲህ እንደሚል ይነግራል፦ ወርቅ 5 በመቶ፣ ብር 10፣ ካልተቀባ 20።

ተለዋዋጭ ጅረት፣ ካፓሲተር፣ ጥቅል ሽቦ

ካፓሲተር ቀጥተኛውን ጅረት ይከለክላል፣ ተለዋዋጩን ያሳልፋል፤ ኢንዳክተር፣ ማለት ጥቅል ሽቦው፣ በተቃራኒው። ፍሪኩዌንሲ ሲጨምር ካፓሲተሩ ይለሰልሳል፣ ኢንዳክተሩ ይጠነክራል። አሃዳቸው ፋራድና ሄንሪ ነው፤ ሪአክታንስ (ሁለቱ ተለዋዋጩን ጅረት የሚያግዱበት መጠን) እና ኢምፒዳንስ (ከሬዚስታንስ ጋር ያለው ጠቅላላ እገዳ) ግን ሁለቱም በኦህም ይለካሉ። 120 ቮልት የምንለው ውጤታማው ዋጋ ነው፤ ጫፉ 170 ገደማ ይደርሳል። ጫፉን በ0.707 ብታባዙት 120 ይመለሳል።

1000 ማይክሮፋራዱን ከባትሪው ጋር አንድ አፍታ አገናኙት፣ ነቅላችሁ በ1 ኪሎኦህምና በኤልኢዲ በኩል አፍስሱት። ኤልኢዲው በርቶ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ኦህም በፋራድ ሲባዛ ሴኮንድ ይሰጣል፣ እዚህ 1 ሴኮንድ፤ ይህ «ታይም ኮንስታንት» ይባላል። በአንድ ታይም ኮንስታንት 63 በመቶው ይሄዳል፣ በአምስት አለቀ ይባላል። የካፓሲተሩ መስመር ያለበት ጎን ኔጌቲቭ ነው። ገልብጣችሁ ከሰካችሁት ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

ትራንስፎርመር በዙሩ ብዛት ይሠራል፦ 10 ለ1 ከሆነ 120 ቮልት 12 ይሆናል፣ ጅረቱ በአንጻሩ ያድጋል። በቀጥተኛ ጅረት አይሠራም። «12 ቮልት ባትሪ ከትራንስፎርመሩ ጋር ቢያያዝ ስንት ይወጣል» ሲባል መልሱ ዜሮ ነው።

ዳዮድና ትራንዚስተር

ዳዮድ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው፤ ቀለበት ያለበት ጫፍ ካቶድ ይባላል። ቴስተሩን የዳዮድ ምልክት ላይ አድርጋችሁ ለኩት፦ በአንድ በኩል 0.5 እስከ 0.7፣ ገልብጣችሁ «ኦኤል»። በሁለቱም በኩል ዜሮ ካለ ሾርት ሆኗል፣ በሁለቱም «ኦኤል» ካለ ኦፕን ነው። ተለዋዋጩን ወደ ቀጥተኛ የሚቀይር ሬክቲፋየር፣ ተቃራኒውን የሚሠራ ኢንቨርተር ይባላል። ድልድዩ ሬክቲፋየር 4 ዳዮድ አለው።

ኤልኢዲ ያለ ሬዚስተር አይሰካም። 9 ቮልት፣ ቀዩ ኤልኢዲ ወደ 2 ይወስዳል፣ የቀረው 7 ለ470 ኦህም 15 ሚሊአምፒር ገደማ ነው። በ100 ኦህም ብታደርጉት 70 ሚሊአምፒር ይሆናል፣ ኤልኢዲው ይቃጠላል።

ትራንዚስተር ሦስት እግር አለው፤ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር። በሥዕሉ ቀስቱ ወደ ውጭ ከወጣ ኤንፒኤን፣ ወደ ውስጥ ከገባ ፒኤንፒ ነው። ኤሚተሩን ወደ ኔጌቲቭ፣ ኮሌክተሩን በ470 እና በኤልኢዲ በኩል ወደ ፖዘቲቭ፣ ቤዙን በ10 ኪሎ በኩል ወደ ፖዘቲቭ አድርጉ። የቤዙን ሽቦ ስትነቅሉ ኤልኢዲው ይጠፋል። ከአንድ ሚሊአምፒር በታች የሆነ ጅረት 15 ሚሊአምፒሩን አበራ፣ አጠፋ። ካልበራ እግሮቹን አረጋግጡ፤ ስሙ በ«ፒ2ኤን» የሚጀምረው 2222 ኤሚተሩና ኮሌክተሩ ቦታ ተቀያይረዋል።

የሥዕል ምልክት ስታጠኑ የአሜሪካኑን ያዙ፦ ሬዚስተር ዚግዛግ ነው፣ አራት ማዕዘኑ የአውሮፓ ነው። ቀስቶቹ የሚያሳዩት ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ የሚሄደውን የተለመደ ጅረት ነው። ጥያቄው «ኤሌክትሮን ፍሰት» ካለ ግን ከኔጌቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ነው። ቃሉን ሳታነቡ አትመልሱ።

አራት ሳምንትና የፈተናው ቀን

በቀን 45 ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ለኦህምና ለሁለቱ አያያዝ፣ ሁለተኛው ለመለኪያ፣ ለሽቦና ለቃላቱ፣ ሦስተኛው ከካፓሲተር እስከ ትራንዚስተር። አራተኛው ሰዓት እያዩ መሥራት ብቻ፦ 15 ጥያቄ በ10 ደቂቃ፣ ለአንዱ 40 ሴኮንድ። የሳታችሁትን ሁሉ «ሒሳብ»፣ «ቃል»፣ «አሃድ» ብላችሁ ለዩት። አብዛኛው «ቃል» ውስጥ ከገባ ሌላ ቀመር ማጥናት ጊዜ ማባከን ነው።

በኮምፒውተሩ የመለሳችሁት ጥያቄ ተመልሶ አይከፈትም። ሰዓት ሊያልቅ ሲል የቀሩትን በግምት መነካካት አይጠቅምም፤ መጨረሻ ላይ የተደራረበ ስህተት ነጥቡን በደንብ ያወርደዋል፣ ሳይመለስ የቀረም ቅጣት አለው። ስለዚህ እያነበባችሁ የቻላችሁትን መልሱ። በወረቀት ሲሆን የተሳሳተ መልስ ስለማያስቀንስ ባዶ አትተዉ። ለአንዳንድ ተፈታኝ የማይቆጠሩ የሙከራ ጥያቄዎች ከተጨማሪ ሰዓት ጋር ይጨመሩለታል፤ ጥያቄው ከበዛባችሁ ሰዓቱንም አይታችሁ ተረጋጉ።

ውጤቱ ካላስደሰታችሁ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከዚያም ሌላ አንድ ወር ቆይታችሁ መድገም ትችላላችሁ፤ ከሦስተኛው በኋላ መጠበቂያው 6 ወር ነው። ነጥቡ ለ2 ዓመት ያገለግላል። የሚሰጣችሁ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይህ ክፍል ሲጀምር መጀመሪያ የምትጽፉት ሦስት መስመር ይሁን፦ የኦህም ቀመር፣ የቀለማቱ ተራ፣ ጥቁር ሆት።